ለማርቆስ ያሳየሁት ጠባሳ

ከሆሳዕና የወጣሁ ቀን አባቴ ኦፕራሲዮን ተደርጎ ቤት ከገባ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር። አንጀቱ ላይ ዕጢ ተገኝቶበት ነው፤ ስፌቱ ከደረቱ ሥር ተነሥቶ ከእምብርቱ በታች ይወርዳል። ሆዱን እንዳልነካበት ፈርቼ ግንባሩን ብቻ ሳምኩት። ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚልከኝ ደላላ መኪናው ሾኔ ላይ ይጠብቃል ብሎ እያጣደፈኝ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ማርቆስ ቦርሳዬን ይዞ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። አባቴ በአምስተኛው ወር ዐረፈ። ሐኪሞቹ ዘግይቶ ነው የደረሰው ብለዋል፤ ማርቆስ ግን ቢላው ነው የገደለው ይላል።

ይህን የምታነቡ የሆሳዕናና የዱራሜ ልጆች፣ ከሞያሌ ወዲያ ያለውን መንገድ አላስረዝምባችሁም። የታሸገ ጭነት መኪና ውስጥ አንድ የጊምቢቹ ሰው አየር አጥሮት ትከሻዬ ላይ ሞተ፤ የተኛ መስሎኝ ነበር። አላለቀስኩም። ደቡብ አፍሪካ ደርሼም አላለቀስኩም፤ ስፓዛ በሚሉት ሱቅ ከብረት ፍርግርግ ኋላ ቆሜ ዳቦና ሲጋራ እሸጣለሁ። ፓፕ የሚሉት ገንፎ አላቸው፤ ቅቤ አያውቅም፣ ቡላን ለለመደ ሰው ሆድ መሙያ ብቻ ነው።

በስምንተኛው ዓመት ሰገራዬ ላይ ደም አየሁ። ሆስፒታል ሄድኩ፤ ሐኪሟ በካሜራ መርምራ «ዕጢ ነው፤ ደግነቱ በጊዜ መጥተሃል» አለችኝ። የካርድ ክፍሏ ሴትዮ ደግሞ ቅጽ ይዛ ቀረበች።

«የቅርብ ዘመድ?»

«ሆሳዕና ናቸው።»

«የት ሰፈር ነው እሱ?»

«ኢትዮጵያ።»

«ታዲያ ከኦፕራሲዮን በኋላ ማን ይወስድሃል?»

«ራሴ።»

ስሜን ጻፈች፤ «ዝምድና» በሚለው ቦታ ላይም «ራሱ» ብላ ሞላች።

ሆዴን አልከፈቱትም። በአራት ትንንሽ ቀዳዳ ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያ አስገብተው፣ ስክሪን እያዩ የታመመውን አንጀት ቆረጡ፤ አንዱን ቀዳዳ ጥቂት አስፍተውም አወጡት። በማግስቱ ተነሥቼ ተራመድኩ። የባሰብኝ የትከሻ ሕመም ነው፤ ሆዴን የነፉበት ጋዝ ነው አሉ። የሀደሮ ተወላጁ አሠሪዬ ጁስ ይዞ ሊጠይቀኝ መጣና ፕላስተሮቹን አየ።

«ይቺ ናት? አንጀቱ የተቆረጠ ሰውማ ሦስት ወር ይተኛል። በል ሰኞ ሱቁን ክፈት!»

ሰኞ ከፈትኩ።

ለቤተሰብ ምንም አልተናገርኩም ነበር። ሐኪሟ የአባቴን ታሪክ ስትሰማ ግን ወንድምህም ሳይውል ሳያድር ይመርመር አለች። ለማርቆስ ደወልኩ።

«እኔም እኮ ደም አያለሁ» አለ። «ዓመት ሊሞላው ነው።»

«ለምን አትታይም ታዲያ?»

«እንደ አባዬ ሊዘረጥጡኝ?»

ቪዲዮውን ከፍቼ ሸሚዜን ገለብኩለት። «ቁጠር» አልኩት። ቆጠረ።

«በዚህ ብቻ?»

«በዚህ ብቻ። አገር ውስጥም እንዲህ የሚሠሩ አሉ፤ ሐኪም ጠይቅ። ባይኖሩም ተከፍቶ መዳን ይሻላል።»

«እሺ ጋሼ» አለ። ደስ አለኝ። አገሬን ከለቀቅሁ ወዲህ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ስልኩ አልሠራም። ትናንት እናቴ ጋ ደወልኩ።

«አልነገረህም እንዴ?» አለች፤ ድምፅዋ የደስታ ነበር። «ወደ አንተ እኮ ነው የመጣ። የጋሼ ሐኪም በቀዳዳ ታወጣልኛለች ብሎ፣ ማክሰኞ ሞያሌን ተሻገረ። ትቀበለዋለህ አይደል ልጄ?»

«እሺ እማዬ» አልኳት።