ስብሐት መኪናውን የሚያቆምበት ቦታ

ሸጎሌ ከከብት ገበያው ወረድ ብሎ ባለው የጭነት ግቢ አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ። አሳሪ ካሰረ በኋላ ሹፌር ጭነቱን አይነካም። አሳሪው ሰንሰለቱን አጥብቆ፣ ጭነቱን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «በሰላም ግባ» ካለ፣ ለሹፌሩ የሚቀረው ጋቢናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ማስነሳት ብቻ ነው። እጁን ዘርግቶ ሰንሰለቱን ከነካ ግን «አላመንኩህም» ማለቱ ነው። በሰው ፊት ከመሳደብ አይተናነስም።

ይህን ሕግ ከማንም በላይ ያጸናው ደበላ ነበር። ደበላ ጉለሌ ተወልዶ ጉለሌ የሸበተ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ነገር የማይዋጥለት ሰው ነው። አንድ ጊዜ ከሌላ ግቢ የመጣ ሹፌር ደበላ ያሰረውን ሰንሰለት ነቅነቅ አድርጎ አየ። ደበላ ቀስ ብሎ ጭነቱ ላይ ወጣና ያሰረውን ሁሉ አንድ በአንድ ፈትቶ ወረደ። «የምታውቅ ከሆነ እንግዲህ ራስህ እሰረው» ብሎ ጥላ ሥር ቁጭ አለ። ሰውዬው ሽማግሌ ልኮ ነው የታረቀው። ከዚያ ወዲህ በደበላ ሥራ ላይ እጁን ለማሳረፍ የደፈረ የለም። ግቢው ይህን ወሬ ዓመታት ሙሉ ሲስቅበት ኖሯል፤ አሁን ግን የሚያነሳው የለም።

ኩራቱም ያለ ነገር አልነበረም። ፌሮም ይምጣ እምነበረድ፣ ደበላ ያሰረው ጭነት የተባለበት ቦታ ሳይነቃነቅ ይደርሳል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ትልልቁ የብረት ቱቦ ነው። ድንጋይ ባስቀመጡት ቦታ ይቀመጣል፤ ቱቦ ግን ትንሽ ክፍተት ካገኘ ይንከባለላል። ደበላ ግራና ቀኙን በእንጨት ታኮ ይወትፍና ሰንሰለቱን በላዩ አሳልፎ ይወጥረዋል። መጥበቁን የሚያውቀው በዓይኑ አልነበረም፤ ጣቶቹን ሰንሰለቱ ላይ አሳርፎ ነው። «ይበቃል» የሚለው እጁ ነበር። ለረዳቶች ሁሉ ደግሞ አንዲት ነገር ሳይናገር አያልፍም፤ የላላ ሰንሰለት ከመፍታታችሁ በፊት ሌላ ሰንሰለት አጠገቡ እሰሩ፤ ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ ብቻችሁን እንዳትነኩት ይላቸው ነበር።

ከዚያ ስኳር መጣበት። መጀመሪያ የእግሩን ጣቶች አደነዘዘው፤ ቀጥሎ የእጁን። ጳውሎስ ሆስፒታል ሐኪሟ በመርፌ ጫፍ ጣቶቹን ነካ ነካ እያደረገች «ይሰማዎታል?» ስትለው ዓይኑን እንደጨፈነ በግምት «አዎ» ይላታል። ያልነካችውንም «አዎ» አላት። ነርቩ መጎዳቱን ነግራው ከእሳትና ከስለት እንዲጠነቀቅ አስጠነቀቀችው። ስለ ሰንሰለት አልጠየቃትም፤ እሷም ሥራው ምን እንደሆነ አላወቀችም።

ሚስቱ መሠረት ግን አጠገቡ ሆና ሁሉንም ሰምታለች።

«ለአብሮ አደግህ ለስብሐት እንኳ ንገረው» አለችው ታክሲ ሲጠብቁ።

«ምን ብዬ?»

«እጄ ታሟል በለው። በቃ፤ ሁለት ቃል ነው።»

«ከዚያ ግቢው ይሰማል። ማነው ከዚያ ወዲያ ደበላ ይሰርልኝ የሚለው?»

«ስብሐት ያወራብኛል ብለህ ነው?»

ደበላ ስብሐት እንደማያወራ ያውቃል። የፈራው ወሬውን ብቻ አልነበረም፤ የስብሐትን ዓይን ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ጉልበቱን ያየ ሰው ሲያዝንለት ማየት አልፈለገም። መሠረት ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ቸርች ስትሄድ ስለ እጁ ትጸልያለች፤ ዝም ማለቱን ግን ልታስተወው አልቻለችም።

ስብሐት የጎጃም መስመር ሹፌር ነው። ሁለቱ ዊንጌት አካባቢ አንድ አጥር ተጋርተው አድገዋል። አንዱ ኦርቶዶክስ፣ አንዱ ጴንጤ ስለሆኑ ሲበሻሸቁ የሰማ የተጣሉ ይመስለዋል። ስብሐት ሲጾም ደበላ ጥብሱን ይዞ አጠገቡ ይቀመጣል። «ብላ፣ ብላ፣ ለአንተም ጭምር የምጾመው እኔ ነኝ» ይለዋል ስብሐት። ቱቦ ሲጭን ከደበላ በቀር ሌላ ሰው አያሰራም። ደበላ ካሰረለት በኋላ ቀና ብሎ እንኳ አያይም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ጋቢናው ነው።

ያን ቀን ጠዋትም ቱቦ ተጭኖ ነበር። ደበላ ታኮውን ወተፈ፤ ሰንሰለቱን ወጠረ። ጣቶቹን አሳረፈ፤ ምንም አልነገሩትም። ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አየው። የጠበቀ መሰለው። የኋለኛው ሰንሰለት ላይ ግን ልቡ አልቆረጠም። የስብሐት ረዳት ኢክረማ እዚያው ቆሟል፤ «ና እስቲ ንካው» ቢለው ይነካለታል። አላለውም። በመዳፉ መታ መታ አደረገና ወረደ።

«በሰላም ግባ።»

«አሜን» አለ ስብሐት። «አንተም ስኳርህን ጠብቅ።»

ረፋዱ ላይ ስልክ ተደወለ። ከአዲሱ ገበያ በላይ፣ የሱሉልታው አቀበት ከመጀመሩ በፊት፣ መኪናው መንገድ ዳር ቆሞ ሳለ አንድ ቱቦ ከላይ ወርዶ ስብሐት ላይ አርፏል። ደበላ ጳውሎስ ሲደርስ ኢክረማ ኮሪደሩ ላይ ግንብ ተደግፎ አንገቱን ደፍቷል። ማንም ሳይነግረው ስብሐት መሞቱ ገባው።

ለቅሶ ቤት፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ ሹፌሮቹ በዝግታ ሲጠያየቁ ዋሉ። ለምን እዚያ አቆመ? ጎማው አልተነፈሰ፣ ሞተሩ አልሞቀ። የኋለኛው ሰንሰለት ተፈትቶ ነው የተገኘው፤ እሱንስ ለምን ፈታው? ደበላን አንድም ሰው አልጠረጠረውም። «ደበላ ያሰረው እንደማይላላ እናውቃለን» አሉት ሊያጽናኑት። ይህ ቃል እንደዚያን ቀን አንገብግቦት አያውቅም። ቢሆንም ደበላ አጥብቆ የያዘው እሱኑ ነበር፤ ስብሐት ራሱ ነው ያቆመው፣ ራሱ ነው የፈታው፣ ምናልባት የእኔ እጅ የለበትም ይላል ለራሱ።

ኢክረማ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። «ጋሼ ደበላ፣ እኔን የገረመኝ ምን መሰለዎት፣ እዚያ ቦታ ሁልጊዜ ያቆማል። ካቆመ ደግሞ ውኃ ግዛ ብሎ ወደ ታች ይልከኛል። የያዝነው ውኃ ሳያልቅ። ያን ቀንም ልኮኝ ነው... ብኖር ኖሮ...» ለቅሶው አላስጨረሰውም።

ሰልስቱ እንዳለፈ ደበላ ለመሠረት እንኳ ሳይናገር ወደዚያ ቦታ ሄደ። አንድ ባህር ዛፍ ሥር የአንድ መኪና ማቆሚያ ያህል ቦታ ሳር አጥቶ ተላጭቷል፤ አፈሩ በዘይት ጠብታ ጠቁሯል። ከግንዱ ጥግ መኪና እንዳይንሸራተት ጎማ ሥር የሚገቡ ድንጋዮች ተደርድረዋል። የተመረጡ ናቸው፤ አንድ ጎናቸው በጎማ ተፈግፍጎ ለስልሷል። አንድ ቀን ለቸገረው ሰው እንዲህ ያለ ድንጋይ አይገኝም።

ከመንገዱ ማዶ በላስቲክ በተሸፈነች ጎጆ ሻይ የምትሸጠው ዓሊማ አይታው ጠራችው። አግዳሚው ላይ አስቀምጣ ሻይ ቀዳችለት።

«የሟች ዘመድ ነዎት?» አለችው።

«አዎ።»

«አላህ ያጽናዎት። ጥሩ ሰው ነበር። እዚሁ ነበር የሚያቆመው፤ በመጣ ቁጥር። ረዳቱን ወደ ታች ይልክና ብቻውን የላላውን ሰንሰለት ፈትቶ ያጠብቃል። አንድ ቀን ‹ረዳትህ ያግዝህ እንጂ› አልኩት። ‹ካየ ግቢ ውስጥ ያወራል፤ ያሰረልኝ ሰው ይዋረዳል› አለኝ።»

ደበላ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ጨብጦ መሬት መሬት ያያል።

«‹ታዲያ አሳሪህን አትቀይርም?› ስለው ሳቀብኝ። ‹ወንድሜ ነው። እጁ ታሞበታል፤ እስኪነግረኝ እየጠበቅኩት ነው› አለኝ።» ዓሊማ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ያ ወንድሙ ይህን ያውቅ ይሆን እላለሁ ቁጭ ብዬ...»

ከዚያ በድንገት ደንግጣ ብድግ አለች። «ኧረ ይፋጃል! አሁን ከእሳት የወረደ ነው እኮ!»

ብርጭቆውን ከእጁ መንጭቃ አስቀመጠችው። መዳፉ ደም መስሏል፤ የጣቶቹ ቆዳ አብጦ መነሳት ጀምሯል። ደበላ መዳፉን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ያየዋል እንጂ ፊቱ አልተለወጠም። ዓሊማ እጁን አየች፤ ቀና ብላ ፊቱን አየች። ቀስ ብላ መልሳ ተቀመጠች።

«እጄ ታሞብኛል» አለ ደበላ።

ዓሊማ ቀዝቃዛ ውኃ በጣሳ አቀረበችለት። እሱ ግን ማዶ፣ ባህር ዛፉ ሥር የተደረደሩትን ድንጋዮች እያየ ነበር።

«እጄ ታሞብኛል፣ ስብሐት» ብሎ ደገመው።