የሃሊሞ ዜሮ ነጥብ ሰማንያ ሰባት

ሃሊሞ ዐብዲፈታሕ ድሬዳዋ ውስጥ ከቀፊራ ገበያ ብዙም በማይርቅ አንድ የግል ትምህርት ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። የቤተ ሙከራውን ብርጭቆ ታጥባለች፣ መምህራኑ ጥለውት የሄዱትን ሽቦ ትጠቀልላለች። በእነዚሁ ዓመታት በርቀት ትምህርት በፊዚክስ ተመረቀች። የድምፅን ነገር ያጠናችው በዝምታ ነው፤ አስተማሪዋ ወረቀት ነበር።

ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ የአሥራ አንደኛ ክፍል የፊዚክስ መምህር ሥራ ሲለቅ አመለከተች። አንድ የሙከራ ትምህርት እንድትሰጥ ተፈቀደላት። ካለፈች መምህር ትሆናለች፤ ከወደቀች ወደ ብርጭቆዋ። ሁለተኛ ዕድል እንደሌለ የትምህርት ቤቱ ባለቤት አቶ ግሩም አስቀድመው ነግረዋታል።

ገምጋሚዎቹ ሦስት ነበርን፦ አቶ ግሩም፣ የፊዚክስ ክፍሉ ኃላፊና የቀድሞ ተማሪዬ ገብረወልድ፣ ጡረተኛው የፊዚክስ መምህር እኔ። ርዕሱን የሰጣት ገብረወልድ ነው፤ የአንድን ነገር ፍጥነት ከድምፅ ፍጥነት ጋር ማነጻጸር።

ሃሊሞ ጠመኔ አንስታ፣ «ዛሬ የምንማረው ስለ ማች ቁጥር ነው» አለች።

አቶ ግሩም ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «የሟች ቁጥር? የትኛው አደጋ ነው ደግሞ?» አሉ። ማንሾካሾካቸው ነበር፤ ክፍሉ ሁሉ ሰማ።

«ዋሪያ፣ ቁስለኛውስ?» አለ ከኋላ አንድ ተማሪ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

«ማክ ነው የሚባለው!» አለ ገብረወልድ።

የሃሊሞ እጅ ሰሌዳው ላይ ቀረ። ቃሉን ስንት ጊዜ አንብባዋለች፤ ከሰው አፍ ግን አንድም ቀን ሰምታው አታውቅም።

«ማክም ማችም አይደለም» አልኩ። «የኦስትሪያዊ ሳይንቲስት ስም ነው፤ ማኽ፣ ከጉሮሮ።»

«ማኽ» አለች ወዲያው። በሶማሊኛ ለተፈታ አፍ ምን ይከብደዋል? ዞር ብላም፣ «ጋሽ ገብሬ፣ እስኪ እርስዎ ይበሉት?»

ገብረወልድ ሞከረ፤ ያሳለ መሰለ። ሳቁ ወገን ቀየረ፣ እሷም ቀጠለች።

«የአንድን አውሮፕላን ፍጥነት ለድምፅ ፍጥነት ማካፈል ነው፤ በቃ። አንድ ከመጣ እኩል ይጓዛሉ። ካነሰ ድምፁ ይቀድመዋል። ከበለጠ ድምፁን ጥሎት ይሄዳል።» ከዚያም ጥያቄውን ጻፈች፤ አሁን በጣራችን ላይ ዝቅ ብሎ በሰከንድ 306 ሜትር የሚበር አውሮፕላን። መልሱ 0.87።

«ተሳስተሻል» አለ ገብረወልድ። «306 ለ340 ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ነው። መጽሐፉን አላየሽም?»

«መጽሐፉ 340 ያለው አየሩ አሥራ አምስት ዲግሪ ሲሆን ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ቴርሞሜትር ሠላሳ አምስት ይላል። አየር ሲሞቅ ድምፅ ይፈጥናል። ዛሬ እዚህ ድሬ ወደ 352 ነው።»

ገብረወልድ የግምገማ ወረቀቱ ላይ ኤክስ ሲያደርግ አየሁት። እሷም አየችው።

«አቦ፣ እንለካዋ!» አመለጣት።

ወጣን። ከግቢው ማዶ የአሮጌው መጋዘን ረጅም ግድግዳ አለ። ከእሱ ሰማንያ ስምንት ሜትር ለክታ ቆመችና ሁለት ጣውላ አጋጨች። ጠቅ! ድምፁ ግድግዳውን ነክቶ ተመለሰ። ቀጣዩ ምት ከተመላሹ ድምፅ ጋር እኩል እስኪያርፍ ድረስ እያፈጠነች፣ እያዘገየች መታች፤ በመጨረሻ ምቱና ማሚቶው አንድ ሆኑ። ተማሪዎቹ ይቆጥራሉ፤ ሰዓቱን ማንንም አላምን ብሎ ገብረወልድ ራሱ በስልኩ ይዟል። ድምፁ አርባ ጊዜ ደርሶ መልስ ሄደ፤ ሰባት ሺህ አርባ ሜትር።

«ሃያ ሰከንድ ከአንድ አሥረኛ» አለ ገብረወልድ ቀስ ብሎ።

አካፈሉት። ሦስት መቶ ሃምሳ። 306 ለ350፣ ዜሮ ነጥብ ሰማንያ ሰባት።

«ቲቸር፣ መጣ!» ብላ ጮኸች ዊዳድ የምትባል ተማሪ። እስከዚያች ደቂቃ ሃሊሞን ቲቸር ብሎ የጠራት አልነበረም።

እኔ እዚያው ፀሐይ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር የሌላ አገር ብርድ ውስጥ የተለካ ቁጥር ለእነዚህ ላባቸው ለሚንጠባጠብ ልጆች ሳስጠና ኖሬያለሁ። ቁጥሩ ውሸት አልነበረም። የት ሆኖ እውነት እንደሆነ ግን ጠይቄው አላውቅም።

አቶ ግሩም ግን አልረኩም። «ይሄ ሁሉ ደግ። ለከርሞ ለብሔራዊ ፈተና ይቀመጣሉ። እዚያ 352 ብለው ቢጽፉ ማን ይሰማቸዋል?»

ሃሊሞ ጣውላዎቹን እንደያዘች አሰበች። «ጥያቄው 340 ብሎ ከሰጣቸው በ340 ይሥሩ። ሙቀቱን ከሰጣቸው በሙቀቱ። መጀመሪያ ጥያቄውን ያንብቡ ነው የምለው። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ልጅ ጥያቄው ቢገለበጥበት አይደነግጥም።»

አቶ ግሩም ወደ ገብረወልድ ዞሩ። ገብረወልድ ወረቀቱን በጉልበቱ ላይ አድርጎ ያሠፈረውን ኤክስ ሰረዘው።

«ሰኞ ሁለት ሰዓት፣ አሥራ አንደኛ ክፍል፣ ምድብ ለ» አሉ አቶ ግሩም። «እንዳታረፍጂ።»

ሰኞ ሃሊሞ ትምህርት ልትጀምር ስትል በሩ ተንኳኳ። ገብረወልድ ነበር፤ የራሱን ክፍል ተማሪዎች በሙሉ አስከትሏል።

«ቦታ አለሽ?» አላት።