የጋራዡ ጆሮ

ጆሮ ይሉታል። ስሙን ያወጡለት የጋራዡ ሰዎች ናቸው፤ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። አሁን እናቱ ያወጣችለትን ስም የምታስታውስ ሚስቱ ብቻ ናት፤ እሷም ብትሆን አብዛኛውን ጊዜ "አንተ ሰው" ነው የምትለው። በብረት ሞላ ፋንታ በአየር በተሞላ የጎማ ፊኛ ላይ የሚቆሙ የሀብታም መኪኖች አሉ አይደል? አየሩ በአንድ ቀዳዳ ከተነፈሰ መኪናዋ ሲነጋ በአንድ ጎኗ ተንበርክካ ትገኛለች። ሌላው መካኒክ ሳሙና በጥብጦ፣ እየረጨ፣ አረፋ የሚነሳበትን ቦታ ሲፈልግ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ጆሮ ግን ሁሉንም ዝም ያሰኝና መኪናዋን አንዴ ዞሮ፣ ጎንበስ ብሎ፣ "እዚህ ጋ" ይላል። እዚያው ጋ ይሆናል። "ሳሙና ለልብስ ነው" እያለ ይቀልድ ነበር፤ ቀልድ ብቻም አልነበረም፣ ኩራት ነበረበት።

ታዲያ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ሰው ሲያማህ አትሰማም ለማለት ነው። የእሱ ግን የምር ባዳ ሆነበት። ሠላሳ ዓመት ከኮምፕሬሰርና ከብረት መቁረጫ ጋር የዋለ ጆሮ መጀመሪያ የወፍ ድምፅ ይሸሸዋል፣ ቀጥሎ የስልክ ጥሪ፣ ቀጥሎ የሴት ድምፅ። ቀድሞ የሚሄደው ቀጭን ቀጭኑ ነው፤ የሚተነፍስ አየር ደግሞ ከሁሉም ይቀጥናል። ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው፤ ለማንም ትንፍሽ አላለም። ጋራዥ ውስጥ በልምድ ይገምታል፤ የትኛዋ መኪና የቱ ጋ እንደምትታመም ስለሚያውቅ ከአሥር ስምንቱን ያገኘዋል። ቤት ሲገባ ደክሞኛል ይላል። ይህ እንኳ ውሸት አይደለም። ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ሲያዩ መዋል ጎማ ሲያነሱ ከመዋል የባሰ ያደክማል።

ሚስቱ ከኋላው ስትጠራው አይዞርም። ከኩሽና ሆና ስትጠይቀው አይመልስም። የጋራዡ ጆሮ ይደነቁራል ብሎ ማን ይጠረጥራል? መጀመሪያ ተቆጣች፣ ከዚያ አኮረፈች፣ በመጨረሻ ለእህቷ በስልክ "ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎኛል፤ ሰልችቼዋለሁ መሰለኝ" አለቻት። እሱ ደንቆሮ ከሚባል ክፉ ቢባል መረጠ። ሞኝ ነው፤ ግን እንዲህ ያለው ሞኝ ስንት አለ።

እሁድ ጠዋት መታጠቢያው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ፊቱን በሳሙና ሞልቶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ቧንቧው ሲንዠቀዠቅ እሷ ከጀርባው በሩ ላይ ቆመች። ብዙ ቀን ያሰበችበትን ነው የተናገረችው። እህቷ ጋ ልትሄድ መሆኑን፣ ሐሙስ እንደምትሄድ፣ አትሂጂ የሚል ከሆነ እስከዚያ እንዲነግራት፣ ካልነገራት ግን ዝምታውን እንደ መልስ እንደምትወስደው። ድምጿን አላነሳችም፤ እሷ ስትቆርጥ ድምጿ ይቀንሳል። እሱ ፊቱን አበሰ፣ ፎጣውን ሰቀለ፣ ሲያልፍ ትከሻዋን መታ መታ አድርጓት ወጣ። ስንብት መሰላት።

ሰኞ ጥቁሯ መኪና ወደ ጋራዡ መጣች። ከፊት በቀኝ በኩል እያደረች ትንበረከካለች። ባለቤቷ ሐሙስ ከሰዓት ረጅም መንገድ የሚሄድባት ስለሆነ ባለጋራዡ ትደርሳለች ብሎ ቃል ሰጥቷል። ጆሮ እንደ ልማዱ ሁሉንም ዝም አሰኘና ዞራት። ምንም አልሰማም። ጎንበስ ብሎ የሰማ መሰለ፤ ዕድሜዋን አየ፣ ጎማው እዚህም እዚያም መሰነጣጠቁን አየ፣ "ፊኛው ነው" አለ። ማክሰኞ አዲስ ፊኛ ገባላት። ከመከለያው እስከ ጎማው ያለውን ክፍተት በእጁ ለካ፤ አንድ ስንዝር። ረቡዕ ጠዋት ሲለካ ሦስት ጣት ጎድሏል። እንግዲያው ቱቦው ነው አለና ቱቦውን ቀየረ። ሐሙስ ጠዋት ያው ሦስት ጣት።

ባለጋራዡ የሟች አለቃው ልጅ ነው፤ በእጁ ላይ ያደገ ስለሆነ ጋሼ ነው የሚለው። ወደ ጎን ወሰደውና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልተገኘ መኪናዋን ሌላ ጋራዥ እንደሚልካት በትሕትና ነገረው። ትሕትናው ከስድብ በላይ አመመው። ኤሌክትሪሺያኑ የልብ ጓደኛው ነው፤ "ጆሮም ያረጃል ለካ" ብሎ ቀለደበት። ጆሮ አብሮት ሳቀ። ወደው አይስቁ።

ምሳ ሰዓት ሁሉም ወጣ፤ ኮምፕሬሰሩ ጠፋ፤ ጋራዡ ጭር አለ። እሱ ከመኪና አጣቢዎቹ የሳሙና መርጫ ተዋሰና ቱታው ውስጥ ደብቆ አመጣ። በዚህ ዕድሜው እንደ ሌባ! ፊኛውን ረጨ፣ ቱቦውን ረጨ፣ አረፋ የለም። የቀረው አየሩን ለአራቱም እግር የሚያከፋፍለው የቫልቭ ሳጥን ነው። እሱ ደግሞ ከፊተኛው መከላከያ ጀርባ በፕላስቲክ ተሸፍኖ፣ ቱቦ በቱቦ ላይ ተነባብሮበት፣ እጅ በመከራ የሚገባበት ቦታ ነው የተወሸቀው፤ የት እንደሚረጭ ለማወቅ መጀመሪያ መስማት ያስፈልጋል። ጆሮውን ለጠፈ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለማቋረጥ የሚጮኸው ጩኸት ብቻ ነው ያለው። መሬት ተቀመጠና ግንባሩን መከለያው ላይ አስደገፈ። ደከመው፤ የመኪናዋ ነገር ብቻ ሳይሆን ማስመሰሉ ሁሉ ደከመው።

ሚስቱ የመጣችው ያኔ ነው። በትከሻዋ ቦርሳ አንጠልጥላለች፣ በእጇ የቤት ቁልፍ ይዛለች። ከጀርባው ቆማ ቁልፉን ልትሰጠው እንደመጣች ተናገረች። አልዞረም። እሷም ከመኪናዋ ፊት መሬት ላይ ወደተቀመጠው የመፍቻ ሳጥን ሄደችና ቁልፉን ልታስቀምጥ አጎነበሰች። እንዳጎነበሰች ቀረች። እሱ ጫማዋን አየ፤ ቀና ሲል አፏ ሲንቀሳቀስ ደረሰበት።

"ይሄ ምንድን ነው እንዲህ የሚተነፍሰው?"

"ምኑ?"

"ይሄ ነዋ። እንዲህ እየጮኸ።" በጣቷ አሳየችው።

ፕላስቲኩን ፈቶ የመርጫውን አፍ ጣቷ ወዳመለከተው አስገባ። ትንሽ ወደ ግራ አለችው፤ ወደ ግራ አደረገ። አረፋው እንደ ፈላ ወተት ገነፈለ። ቱቦው ከቫልቭ ሳጥኑ የሚጋጠምባት ትንሽ ዳዶ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለባት። ይቺን ነው ሦስት ቀን ሙሉ ሲፈልግ የከረመው።

እሷ ግን አረፋውን አላየችም። የምታየው እጁ ላይ ያለውን መርጫ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሳሙና ለልብስ ነው ሲል ሰምታዋለች።

"አንተ አልሰማኸውም" አለች። ጥያቄ አልነበረም።

ለዚህ የሚሆን መልስ ሁልጊዜ ዝግጁ ነበረው፤ ራሴን አሞኝ፣ ሐሳብ ይዞኝ፣ ደክሞኝ። ዛሬ አንዱንም ማንሳት አቃተው።

"አልሰማሁም። ጆሮዬ ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነው።"

ወዲያው ባለጋራዡና ኤሌክትሪሺያኑ ከምሳ ተመለሱ። ባለጋራዡ አረፋውን ሲያይ ፊቱ በራ፤ "ድሮስ ጋሼ" ብሎ ትከሻውን ጨበጠው። ሚስቱ አፏን ዘጋች፤ ብታኮርፍም ገመናውን አደባባይ የምታወጣ ሴት አይደለችም። ጆሮ ዝም ቢል ስሙ ባለበት ይቀጥል ነበር። ይህን ያውቃል፤ አንድ አፍታም አሰበበት።

"እኔ አይደለሁም" አለ። "እሷ ናት የሰማችው። እኔ ከእንግዲህ ያለ ሳሙና አላገኝም።"

ኤሌክትሪሺያኑ ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ከዚያ የጓደኛውን ፊት አየና ሳቁን ዋጠው። ባለጋራዡ ዋናው መገኘቱ ነው ብሎ ወደ ቢሮው ገባ። ከልቡ ይሁን ከአንገት በላይ አልታወቀም። ኤሌክትሪሺያኑ ለጆሮ ሚስት ዱካ አምጥቶ ሰጣትና አዲስ ዳዶ ፍለጋ ወደ ዕቃ ቤት ሄደ።

ዱካው ላይ ተቀመጠች፤ ቦርሳውን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

"እሁድ ያልኩህንስ?"

"እሁድ ምን አልሽኝ?"

ዱካውን ፊት ለፊቱ አስጠግታ፣ እሁድ ለጀርባው የተናገረችውን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ለፊቱ ደገመችለት። ለፊት መንገር ይከብዳል፤ ሁለት ቦታ ላይ ቆም እያለች ነው የጨረሰችው። እሱ ዐይኑን ከከንፈሯ ላይ አልነቀለም።

"እኔስ ምን መለስኩልሽ?"

"ትከሻዬን መታ መታ አድርገህ ወጣህ።"

አስታወሰ። ያን ጠዋት ከቤት ሲወጣ ደስ ብሎት ነበር። ፊቱን አብሶ ሲዞር በሩ ላይ ቆማ አይቷት፣ አንድም ቃል ሳትናገር፣ ፊቷም ሳይቆጣ፣ ዛሬስ ሳንጨቃጨቅ አነጋን ብሎ አምላኩን አመስግኖ ነበር። ትከሻዋን የነካው ለዚያ ነው፤ ምስጋና መሆኑ ነበር። ይህንኑ ነገራት። እሷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ሊይዛት ፈለገ፤ እጁ በግራሶና በሳሙና ተለውሷል፣ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

"አትሂጂ" አለ።

ጆሮው የከዳው ሰው ድምፁን መመጠን አይችልም። ጋራዡ አስተጋባ፤ ኤሌክትሪሺያኑ ከዕቃ ቤቱ ብቅ ብሎ አየና ተመልሶ ገባ። እሷ ፊቷን ገለጠች። እጇን ዘርግታ ቁልፉን ከመፍቻ ሳጥኑ ላይ አነሳች፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ከንፈሯን እንዲያይላት ወደ እሱ ጠጋ አለች።

"አትጩህ" አለችው። "እኔ እኮ እሰማለሁ።"