የፈሰሰ ውሃ ወዴት ይሄዳል

የያዙኝ ሞላሌ ገበያ ላይ ነው። ጥምቀት ካለፈ ሳምንት አልሞላውም፤ በግ የሚሸጥበት ጥግ ቆሜ ሳለሁ ሁለት የጣሊያን አስካሪ ወታደሮች ግራና ቀኝ ክንዴን ያዙኝ። ለአርበኞች የማደርሰው ደብዳቤ ካፖርቴ ገበር ውስጥ ተሰፍቶ ነበር። ኪሴን እንኳ አልፈተሹም፤ ቀጥታ ገበሩን ቀደዱት። ደብዳቤው የት እንዳለ የነገርኩት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ አብሮኝ የተማረ፣ ከአንድ ገበታ አብረን የበላን ጓደኛዬ። ይዘውኝ የጣሊያኖቹ ምሽግ ስንደርስ እሱ ከጣሊያኑ ሹም አጠገብ ቆሞ ያስተረጉም ነበር። ሰላምታም አልሰጠኝ።

ያስገቡኝ ከአንድ ባላባት የነጠቁት የእህል ቤት ነው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው እነሱ ያለበሱት አዲስ ቆርቆሮ። መጀመሪያ የተቀበለኝ የቆየ ገብስ ሽታ ነበር፤ ቀጥሎ የልጆች ዓይን። ባሎቻቸው ዱር የገቡ አራት ሴቶች ከነልጆቻቸው ታስረዋል፤ ባሎቹ እጃቸውን እስኪሰጡ ድረስ። ምሽጉ ሌላ እስር ቤት ስላልነበረው እኔንም ከእነሱ ጋር ጨመሩኝ።

አጠገቧ ቦታ የለቀቀችልኝ ራቤል ከሚባል አገር የመጣች ሴት ነበረች። ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅና ገና ጡት ያልጣለ ወንድ ልጅ ይዛለች። ስለ እኔ ጠየቀችኝ። በመንደሬ ልጆች ሰብስቤ ፊደልና ጥቂት የሳይንስ ነገር አስተምር እንደነበር ነገርኳት።

ውሃ የሚመጣልን በቀን አንድ ጊዜ፣ በአንድ ጣሳ ነው። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ጣሳውን ይዞ የመጣው ያ ጓደኛዬ፣ ራሱ አስተርጓሚው ነበር። የራቤሏን ሴት ባሏ የት እንደመሸገ ጠየቃት። አላውቅም አለች። ሌሎቹንም በተራ ጠየቀ፤ መልሳቸው አንድ ሆነ። ከዚያ ጣሳውን አዘንብሎ፣ ልጆቹ ድምፁን እስኪጠግቡት ድረስ ቀስ እያደረገ፣ ደጃፉ ላይ ባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አፈሰሰው።

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» አላቸው። ወደ እኔም ዞረ። «አስተማሪው፣ ይታፈሳል ካልክ አስተምራቸው።»

በሩን ዘግቶ ሄደ። ሁለት ልጆች በበሩ ሥር ጣታቸውን እያሾለኩ፣ ያረጠበላቸውን ላሱ። የሳንቃው ሥንጥቅ ሰፊ ስለነበር ድንጋዩ ይታየናል። ፀሐይ ወጣችበት። እርጥበቱ ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ ሄደ፤ በመጨረሻም የእጅ መዳፍ አከለና ጠፋ። የራቤሏ ሴት ልጅ ዓይኗን ከሥንጥቁ ሳትነቅል ወዴት ሄደ ብላ ጠየቀችኝ።

እንደዚያ ቂም ቋጥሬ አስተምሬ አላውቅም። ልጆቹን ሰበሰብኳቸው። ውሃው እንዳልሞተ ነገርኳቸው። ፀሐይ ስታሞቀው ዓይን የማያየው እንፋሎት ይሆናል፤ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከፍታው ላይ ብርዱ ሲያገኘው ተሰብስቦ ደመና ይሆናል። ጠዋት ጠዋት ጓሳ ተራራ ላይ የሚተኛውን ጉም አይታችሁት የለ፣ እሱ ነው አልኳቸው። ሲከብደው ይዘንባል፤ ወንዝና ምንጭ ይሆናል፤ ፀሐይ ደግሞ መልሳ ታነሣዋለች። የአስተርጓሚው ተረት ውሸት ነው፤ የፈሰሰ ውሃ ይታፈሳል አልኳቸው።

ልጅቱ ወደ እኔ ዞረች። «ታዲያ ያ ሰውዬም ላይ ይዘንባል?»

«በሁሉም ላይ ይዘንባል» አልኳት።

«እሱ ላይ በረዶ ሆኖ ይውረድ።»

እናቶቹ ሳቁ። ከታሰርኩ ወዲህ ሳቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ አሜን አልኩ።

በማግሥቱ ገና ሲነጋ ልጅቱ ቀሰቀሰችኝ። ውርጭ የወረደበት ሰዓት ነው። የሁላችንም ትንፋሽ ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ተሰብስቦ ጤዛ ሆኗል። ያፈሰሰው ውሃ ተመለሰ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ይኸ ትንፋሻችን ነው፣ መንገዱ ግን አንድ ነው አልኳት። ትከሻዬ ላይ አወጣኋት፤ ጣሪያው ዝቅ በሚልበት በኩል በእናቷ ነጠላ ጫፍ ጤዛውን ጠረገች። እናትየው ጨምቃ ለትንሹ አፍ አደረገችው። ሦስት ጠብታ ይሆናል። ሌሎቹም ተራ በተራ ትከሻዬ ላይ ወጡ።

አልበቃም። አስተርጓሚው በዚያ ቀንም፣ በማግሥቱም መጥቶ ጠየቀ፤ ሁለቱንም ጊዜ አፈሰሰው። የእናትየው ጡት ደረቀ። በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ትንሹ ልጅ እቅፏ ውስጥ ሞተ።

ሴቶቹ ሲያለቅሱ ጣሊያኑ ሹም ሰማ። ምን እንዳለ አላውቅም፤ አስተርጓሚው ግን ሙሉ ጣሳና ኩባያ ይዞ ተመለሰ። ልጆቹ ጠጡ፤ እናቶቹም ጠጡ። የራቤሏ ሴት ተራዋ ሲደርስ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ደም አዝሏል። ኩባያውን ተቀበለች፤ ወደ አፏ ግን አልወሰደችውም። በመዳፏ እየቀዳች የልጇን ፊት፣ ከዚያ እጆቹን፣ ከዚያ እግሮቹን አጠበች። በየጣቶቹ መካከል ሳይቀር አጠበች።

አስተርጓሚው ጠጪ እንጂ ሲላት ቀና ብላ አየችው።

«ልጄን አጥቤ ሳልጨርስ አልጠጣም። አንተም ቁምና እይ።»

ቆሞ አየ። ሊሄድ ይችል ነበር፤ ግን አልሄደም። እኔም ፊቱን እያየሁ፣ ይህንን ሳላስከፍለው እንዳልሞት በልቤ ማልኩ።

ሹሙ ሲቀየር ለቀቁን። ጣሊያን ሲወጣ ጠመንጃ ይዤ ሦስት ቀን የአስተርጓሚው ቤት አጠገብ አደፈጥኩ፤ እሱ ግን ቀድሞ ኮብልሏል። ዓመታት አልፈው፣ ምሕረት ከተደረገ በኋላ ሚስትና ልጅ ይዞ መጣና ሞላሌ ሱቅ ከፈተ። እኔ በዚያን ጊዜ የከተማው ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርኩ። ሽማግሌዎች ለእርቅ ሦስት ጊዜ መጡብኝ፤ ሦስቴም አሰናበትኳቸው።

የውሃ ዑደት ትምህርት በየዓመቱ ይደርሳል። እኔ የማስጀምረው ከዚያ ድንጋይ ነው። ውሃው እንዴት እንደፈሰሰ፣ ማን እንዳፈሰሰው፣ ማን እንደሞተ እነግራቸዋለሁ፤ ሰውየውን በስሙ እጠራዋለሁ። እዚህ ስሙን አልጽፍም። ሞላሌ ውስጥ የማያውቀው ልጅ ግን የለም፤ እኔ አስተምሬዋለሁ።

አንድ ዓመት የራሱ ልጅ ክፍሌ ገባች። ጎበዝ ነበረች። ትምህርቱ ሲደርስ አንዲት ቃል አልቀነስኩም። ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩዋት፤ እሷ ደብተሯን እያየች ጻፈች።

በማግሥቱ አባቷ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ባርኔጣውን አውልቋል። አንቱ አለኝ።

«እኔን የፈለጉትን ያድርጉኝ። ልጄን ግን ይተዉልኝ።»

«እኔ የማስተምረው ስለ ውሃ ነው» አልኩት።

ልጅቱ ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አልመጣችም። አባቷ ከሞተ ቆይቷል፤ ቀብሩ ላይ አልተገኘሁም። አሁን ሸምግያለሁ፤ የንስሐ አባቴም ሲመጡ ይህንኑ ያነሡብኛል። ስለ ልጅቱ ንስሐ ገብቻለሁ፤ የሰጡኝን ስግደትም ጨርሻለሁ። ስለ አባቷ ሲጠይቁኝ ግን ይቅር ብዬዋለሁ አልልም፤ እሳቸውም መስቀላቸውን አሳልመውኝ ይሄዳሉ።