የቲቸር ጽጌ የሕይወት ታሪክ

መገናኛ አንድ ጫማ መደብር በር ላይ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ማይክራፎኑ ሲያፏጭ ባለሁበት ቀረሁ። ከኋላዬ የሚመጣው ሰው ገፍቶኝ አለፈ። እኔ ግን ቀበና፣ ትምህርት ቤታችን ግቢ፣ ሰንደቅ ዓላማው ሥር ነበርኩ።

ፉጨቱን የማውቀው ከሚኒ ሚዲያችን ነው። ክፍሉ ድሮ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ስለነበር የጎማ ኳስና የረጠበ ካርቶን ሽታ አልለቀቀውም። ክበቡን የሚመሩት የአማርኛ አስተማሪያችን ቲቸር ጽጌ ነበሩ፤ ቡናማ ሹራባቸውን ክረምት ከበጋ የማያወልቁ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት። ሌሎቹ አስተማሪዎች ሐኪምና ኢንጂነር ሁኑ ሲሉን፣ እሳቸው «ማስታወቂያም እንጀራ ነው» ይሉ ነበር። የሰፈሩን ሱቆች ማስታወቂያ እንጽፋለን፤ የተሻለው በእረፍት ሰዓት ይነበባል።

እኔ የሚቀናኝ የቴሌቪዥን ቋንቋ ነበር። ለጋሽ ቶሎሳ ወተት ቤት «ጥራት መለያችን፣ የደንበኛ እርካታ ግባችን» ብዬ ጽፌ፣ ደረቴን ነፍቼ አቀረብኩ።

«ይሄኮ ለሲሚንቶም ይሆናል» አሉኝ ቲቸር። «ሂጂና ሱቁ ተቀመጪ። ገዢው ምን እንደሚጠይቅ ስሚ።»

ቅዳሜን ሙሉ በወተት ጀሪካን መሃል ተቀመጥኩ። ጋሽ ቶሎሳ ከእንጦጦ ሥር ያርሱ የነበሩ፣ መሬታቸው ቤት ሲሠራበት ወደ ወተት የዞሩ ሰው ናቸው። የመጣው ሁሉ ውሃ ገብቶበት እንደሆነ ይጠይቃቸዋል። መልሳቸው አንድ ነው፤ «ላሟን አውቃታለሁ።» እሷኑ ጻፍኩ። ሰኞ ሲነበብ ግቢው ሁሉ «ላሟን አውቃታለሁ» ሲል ዋለ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወደቅሁ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ዘመድ ሁሉ መካሪ ሆነ። ቲቸር አልመከሩኝም። ያቺን የወተት ማስታወቂያ አስይዘው መገናኛ አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ወሰዱኝ። በየዓመቱ አንድ ሁለት ተማሪ እንዲህ ያደርሱ ነበር። ደረጃው ጋ ስንደርስ ቆሙ።

«እርስዎ አይገቡም?»

«እኔ ምን ልሠራ፤ የምትቀጠሪው አንቺ» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለስ አድርገው፣ «ብቻ ሥራ ስትይዢ እንዳትጠፊብኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ነኝ።»

ተቀጠርኩ። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ደክሞኝ ተኛሁ። የሚቀጥለው ዝናብ ነበር። ከዚያ ባዶ እጄን መሄድ አሳፈረኝ፤ ከዚያ ደግሞ መቆየቴ ራሱ አሳፈረኝ። ስንት ያስተማሩት አለ፣ አንዱ ይጠይቃቸዋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ከመገናኛ ቀበና በታክሲ ምን ያህል ነው? ዓመታት አለፉ። አሁን እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻዬን ቤት ነኝ፤ ያኔ ምን እየለመኑኝ እንደነበር የገባኝ አሁን ነው።

አምና መሞታቸውን ሰማሁ። ድንኳኑ ውስጥ ዘመድ የሚባል አልነበረም። ከጎረቤቶቹ ሌላ የተቀመጥነው የማስታወቂያ ሰዎች ነን፤ በየጨረታው ስንነጣጠቅ የከረምን፣ ሁላችንንም ያደረሱን እሳቸው መሆናቸውን ያላወቅን። ከጎኔ ያለው ሰው ጠጋ ብሎ፣ «አንቺ ትጠይቂያቸው ነበር አይደል?» አለኝ። እኔም እሱን ይህንኑ ልጠይቀው ነበር።

የእድሩ ዳኛ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው መጡ። ቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ያስፈልግ ነበር።

«መቼም ጸሐፊ ሞልቷል» አሉ። «የት ነው የተወለዱት? የእናት የአባታቸውስ ስም?»

እስክሪብቶውን እርስ በርስ ተቀባበልነው። ጎረቤት ተጠየቀ፣ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ተጠየቀ፤ የሚያውቅ ጠፋ። አፈርኩ፤ ማልቀስ እንኳ የማይገባኝ መሰለኝ።

እንደምንም ግማሽ ገጽ ሞላን። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲነበብ አንገቴን ደፍቼ ሰማሁት። እገሌን ለሬዲዮ አበቁ፣ እገሊትን ከማስታወቂያ ድርጅት አደረሱ ይላል። የእኔም ስም አለበት። ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ስለ እኛ ነበር።