ከግድግዳው ሥር

ሽቦ ውድ ነው፣ ድንጋይ ሞልቷል። ከዶሮ ቤቱ ግድግዳ ሥር ድንጋይ ልቀብር ስቆፍር የእርጥብ አፈሩ ሽታ መጣና ደሜ ፈላ።

ልጅ ሆኜ ሸለምጥማጥ ዶሮዎቻችንን በአንድ ሌሊት ፈጀቻቸው። አባቴ፣ "በሩን ሳትዘጋ ቀርተህ ነው!" ብለው በጥፊ አጮሉኝ። ዘግቻለሁ ብል ማን ሰምቶኝ! ሲነጋ ከግድግዳው ሥር የተማሰ ቀዳዳ አገኘን። እናቴ ሳታይ አባቴ በእግራቸው አፈር መለሱበትና፣ "የአባት ገበና ነው፣ ዝም በል" አሉኝ። ገበና ምን እንደሆነ ባላውቅም ዝም አልኩ።

ዛሬ ዱላቸውን ተደግፈው ያዩኛል።

"ለዶሮ ይሄ ሁሉ ጉድጓድ? ጅብ ልታስር ነው?"

"ሸለምጥማጥ በበር አትገባማ፣ አባባ! እርስዎ ያውቃሉ።"

አባቴ ጎንበስ አሉና ትልቁን ድንጋይ ወደ ጉድጓዱ አንከባለሉልኝ።