ብርድ የማይገባበት ከረጢት

ልጄ ዛሬ ሰንጋ ተራ ጓደኛዋ ቤት ታድራለች። አዲሱን የመኝታ ከረጢቷን ዚፕ ከፈት ዘጋ ስታደርግ፣ ድምፁ ልደታ ወደነበረው የልጅነት ቤታችን ወሰደኝ።

ታናሽ ወንድሜ ያኔ ገና መቀመጥ መጀመሩ ነበር። ተኝቶ ስለሚራገጥ ብርድ ልብስ ላዩ ላይ አይቆይም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ፣ አባቴ ጋራዥ የሚለብሰውን ወፍራም ባለዚፕ ካፖርት ቆርጣ፣ እጁን አስወጥቶ እግሩን የሚከት ከረጢት ትሰፋለት ጀመር። ካፖርቱ ታጥቦም የግራሶ ሽታው አልለቀቀም።

ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ደጃፋችን ላይ ቆመው፣ «ምነው ልጄ፣ ሕፃን እንደ እህል ከረጢት ውስጥ ይከተታል?» አሏት።

እናቴ ከመርፌዋ ቀና ሳትል፣ «አንዷን ብርድ ወስዶብኛል፣ እትዬ። ይሄኛውን ግን አልሰጠውም» አለች።

እትዬ ዘነበች ገብተው አጠገቧ ተቀመጡና የጨርቁን ጫፍ ወጥረው ያዙላት። እኔ ብርድ የሚባል ሰው የሚመጣ መስሎኝ ሄጄ በሩን ቀረቀርኩ።

ከእኔ በፊት እህት እንደነበረችን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ልጄ ከረጢቷን ጠቅልላ በብብቷ ያዘች።

«ቶሎ ውረጂ፤ አጎትሽ ታች መኪና ውስጥ እየጠበቀሽ ነው» አልኳት።